እናቴ የጀመረችው መሶብ

መሥሪያ ቤታችን በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሠራተኛ መረጃ ያድሳል። ቅጽ ይታደላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ ይሞላል። የዛሬ አራት ዓመት ግድም የታደለን ቅጽ ግን ከወትሮው አንድ መስመር ይበልጥ ነበር፤ «በትርፍ ጊዜዎ የሚያዘወትሩት ተግባር» ይላል። ቢሮው በሳቅ ሞላ። አንዱ «እንቅልፍ» ብሎ ጻፈ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «ትርፍ ጊዜ ሲመጣ እሞላዋለሁ» ብላ ባዶውን ተወችው። እኔ ቅጽ ባዶ መተው አይሆንልኝም፤ «ስፌት» ብዬ ጻፍሁ። ያቺን አንዲት ቃል መጻፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቢቸና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሌላው ሠራተኛ ሠርቶ ይደክማል፤ እኔ እሱ መሥራቱን ስጽፍ እደክማለሁ። የሳምንት ሪፖርት አለ፤ የወር አለ፤ የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመት፣ የዘጠኝ ወር፣ የዓመት አለ። በመካከሉ ደግሞ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይድረሰን» የሚል ስልክ ይደወላል፤ ያኛው ሪፖርት ስም እንኳ የለውም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው ይባላል እንጂ ግማሹ የሚያልቀው ሲመሽ ነው። እሑድ ዘመቻ አለ፤ ዘመቻ ከሌለ ስለ ዘመቻው ስብሰባ አለ። ከዚህ ሁሉ ወዲያ ጊዜ የተረፈው ሰው ካለ እኔም ባየው ደስ ይለኛል።

ስፌቱን ግን አልተውሁትም። ሁለቱ ልጆቼ ተምረው ከቤት ወጥተዋል፤ ባል የለኝም፤ ስለዚህ ንጋቱ የራሴ ነበር። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በሬን ከፍቼ ብርሃኑ ከሚገባበት ቦታ እቀመጣለሁ። መጠቅለያውን ሣር፣ አክርማውን፣ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ሲለሰልስ በወስፌ እየበሳሁ የውስጡን ሣር፣ ስንደዶውን፣ እጠቀልልበታለሁ። በዚያ ሰዓት ማንም አይደውልም። የያዝሁት የመሶብ ገበታ እየሰፋ ሲሄድ አንድ ዙር ለማዞር ሁለትም ሦስትም ንጋት ይፈጅብኝ ነበር። ዙሩ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ሠላሳ ገጽ ሪፖርት ጨርሼ አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ሪፖርት ሲያልቅ ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚገባ አላውቅም። ዙር ሲያልቅ ግን እዚያው አለ፤ እደባብሰዋለሁ።

መሶቡን የጀመረችው እናቴ ናት። እናቴ የምትኖረው ሞጣ ነው፤ እኔንም የወለደችኝ እዚያው ነው። በስፌት ስሟ የተጠራ ሴት ነበረች። ልጃቸውን የሚድሩ ሴቶች ከቀራንዮ ከተማ ድረስ እየመጡ ሥራዋን አይተው፣ የቀለሙን አጣጣል በዓይናቸው ለክተው ይመለሱ ነበር። ግራኝ ናት። በዚህ የተነሣ ስፌቷ እንደ ሌላው ሰው አይዞርም፤ ከመካከሉ ተነሥቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ጣቶቿን ቁርጥማት ሲይዝባት በእጇ ላይ አንድ ጅምር ነበራት፤ የመሶብ ገበታ መካከል፣ ስንዝር ተኩል ያህል የሰፋ፣ ቀይና አረንጓዴ የተነከረ አለላ ኮከብ የሠራበት። አንድ የፋሲካ ሰሞን ልጠይቃት ስሄድ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ጣቴ እንቢ አለኝ» አለች። «አንች ጨርሽው። የሰንበቴ ተራዬ ሲደርስ ዳቦውን በሱ አድርጌ ነው የምሄድ።»

«ተራሽ መቼ ነው?»

«ገና ነው፤ አባሉ ብዙ ነው። አንችም ሥራ አለብሽ። ቀስ ብለሽ።»

ሰንበቴ የደረሰው ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ማኅበርተኛውን ያበላል፣ ያጠጣል። ሴቶቹ ከዳቦው በፊት የሚያዩት መሶቡን ነው። እናቴ ለሰው ልጅ ሁሉ ስትሰፋ ኖራ ለራሷ የሚረባ መሶብ አልነበራትም፤ የሠራችውን ሁሉ ድራዋለች፣ ሰጥታዋለች። ይኸኛውን ለራሷ ነበር የጀመረችው። የሚቀጥለው ተራ ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ብላም ነግራኛለች።

የግራኝ ጅምር ለቀኝ እጅ መከራ ነው። በመጀመሪያው ወር ወስፌው ጣቴን እየወጋ ጨረሰኝ። ነገር ግን እሷ በሄደችበት ካልሄድሁ ስፌቱ አይያያዝም፤ ስለዚህ እጄን እንደ አዲስ አስተማርሁት። ሲለምድልኝ የሷ የት ላይ እንዳለቀ፣ የኔ የት ላይ እንደ ጀመረ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢያየው የአንድ ሰው ሥራ ነው የሚለው። በዚህ እኮራ ነበር፤ በሕይወቴ የኮራሁበት ነገር ብዙ አይደለም።

የሣሩ ወቅት መስከረም ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ ሳይደርቅ። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈበት ሲጠቀለል ይሰበራል። የመንግሥት የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የሚዘጋውም መስከረም ሠላሳ ነው። ይህን ያቀናጀው ሰው ስፌት የሚሰፋ ዘመድ አልነበረውም። በመጀመሪያው ዓመት የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አይልም። ማመልከቻዬን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈቃዱ ለምንድን ነው?»

«ለሣር ለቀማ» አልሁ። ሌላ ምክንያት መፍጠር ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

«ከብት አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። ለስፌት የሚሆን ሣር ነው።»

«በሩብ ዓመት መዝጊያ?» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። «እሱን እንግዲህ በትርፍ ጊዜሽ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ የሚቆጣ ሰው ነገሩን ነገር አድርጎታል ማለት ነው። የዚያን ዓመት ከገበያ ያገኘሁትን የቆየ አክርማ ገዝቼ ሠራሁ፤ እየተሰበረ አቃጠለኝ፤ በዓመት ውስጥ የጨመርሁት አራት ጣት አይሞላም። በዓመቱ ብልሃት አገኘሁ። ጎሕ ሲቀድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግጦሽ እየሄድሁ፣ በጤዛ እየራስሁ ለቀምሁና ቢሮ ስገባ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርጥብ ነበር። ባልደረባዬ «ምነው ወንዝ ተሻገርሽ?» ትለኝ ነበር። ለአሥራ ሁለት ንጋት እንዲህ ተመላለስሁ። ድካሙን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የሣሩን ሽታ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ደፈርሁ። ቀኑን ሙሉ የሚውል ስብሰባ ነበር። የሚቀርበውን ሪፖርት የጻፍሁት ራሴ ስለሆንሁ ቀጥሎ ምን እንደሚባል በቃሌ አውቀዋለሁ። የረጠበ አክርማ በፌስታል ይዤ ከኋላ ተቀመጥሁና ለመሶቡ እግር የሚሆነውን ክፍል ጭኔ ላይ አድርጌ መስፋት ጀመርሁ። በግራና በቀኜ ያሉት ወንዶች ስልካቸውን ከጠረጴዛ ሥር ይዘው ኳስ ያያሉ። ከፊቴ ያሉት ሴቶች ኪሮሽ ይሠራሉ፤ ኪሮሽ የተለመደ ነው፣ ማንም አይናገርም። ወስፌ ግን ዓይን ውስጥ ገባ። ኃላፊያችን ንግግራቸውን አቁመው «እህታችን፣ እሱን ለቤት» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ኳስ የሚያየውም ስልኩን ከድኖ ሳቀ። ፌስታሌን ቋጥሬ እግሬ ሥር አስቀመጥሁ፤ እስከ ማታ አክርማው ደረቀ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር ሞጣ የምሄደው በዓመት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ ነው። ስደውልላት ከጤናዬ በፊት የምትጠይቀኝ መሶቡን ነበር። «ገበታው አለቀ» ስላት «አቆልቁሎ እንዳይሄድብሽ፤ ጠበቅ አድርጊው» ትለኛለች። እግሩ አለቀ። ክዳኑ ብቻ ቀረ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ግቢው ተጠረገ፤ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ። ኃላፊያችን የሠራተኛውን ማኅደር ሲያገላብጡ ያን ቅጽ አግኝተውት ኖሯል፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«ስፌት ትሰፊያለሽ አይደል? አንድ ጥሩ ነገር ካለሽ አምጭልን፤ የሠራተኞቻችን የእጅ ሥራ ብለን እናሳያለን።»

«ያለቀ የለኝም። አንድ መሶብ አለ፤ ክዳን ይቀረዋል።»

«ክዳን ምን ያደርጋል፤ ለዕይታ ነው።»

ደስ አለኝ። ይህን ካልተናገርሁ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ስንት ዓመት «ለቤት» ሲባል የኖረ ነገር ተፈልጎ ሲጠራ ልቤ ሞቀ። ማታውን የወጡትን የሣር ጫፎች በምላጭ አስተካከልሁ፤ በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት፤ ጠዋት በነጠላ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ወሰድሁት።

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እንግዶቹ እየዞሩ አዩት። መሪያቸው በጣታቸው ኮከቡን ነክተው «ይህን የሠራችው የትኛዋ ናት?» ሲሉ እጄን አወጣሁ፤ ተጨበጨበልኝ። እናቴ ጀምራው ነው ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አላልሁም። ጭብጨባው ለኔ ነበር፤ ላካፍለው አልፈለግሁም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለእንግዳው የሚሰጠው ጋቢ አልደረሰም ተባለ። የታዘዘው ሰው ስልክ አያነሣም። ኃላፊያችን ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። ሄዱና መሶቡን በሁለት እጃቸው አነሡት። «ይህ የሠራተኛችን የእጅ ሥራ ለክቡር እንግዳችን መታሰቢያ ይሁን» አሉ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም ተነሣሁ፤ አጨበጨብሁ።

ለምን እንዳጨበጨብሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። በአዳራሽ ውስጥ ሰው ሲነሣ መነሣት፣ ሰው ሲያጨበጭብ ማጨብጨብ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። አፌ «እሱ የእናቴ ነው» ለማለት ገና ሲያስብ እጄ ሥራውን ጨርሶ ነበር። መኪናው ከግቢው ሲወጣ መሶቡ በኋላ መስታወቱ በኩል ታየኝ፤ የታሸገ ውኃ ካርቶን ገብቶበት ነበር።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ መሶብ እናቴ የጀመረችው ነበር» አልኋቸው።

ፊታቸው ተለወጠ፤ ከልባቸው ያዘኑ መሰለኝ። «ምነው ያን ጊዜ ብትናገሪ? እንተወው ነበር እኮ።»

ልወጣ ዞርሁ።

«በይ አይዞሽ፤ እጅሽ ደኅና ነው፣ ሌላ ትሠሪያለሽ» አሉኝ። የምስጋና ወረቀትም አስጻፉልኝ። ሰኔ ላይ የዓመቱን ሪፖርት ሳዘጋጅ «ለእንግዶች ባህላዊ ስጦታ ማበርከት» የሚል ረድፍ ነበር፤ ዕቅድ አንድ፣ ክንውን አንድ፣ መቶ በመቶ። ያን ረድፍ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጳጉሜን ላይ እናቴ በጎረቤት ስልክ ደወለች። ተራዋ ደርሷል፤ ኅዳር ውስጥ ነው።

«መሶቤስ?» አለች።

«ክዳኑ ነው የቀረው» አልሁ። ይኸ ግንቦት ላይ እውነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ። ወገቤን አመመኝ ብዬ የሐኪም ወረቀት አወጣሁና ለሦስት ሳምንት ከቢሮ ቀረሁ። ሣሩን በወቅቱ፣ በቀን፣ እንደ ልቤ ለቀምሁ። ቀኑን ሙሉ ሰፋሁ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዘገየ። ተመልሼ ስገባ ጉድ ይፈላል ብዬ ነበር፤ ምንም አልሆነም። የጠየቀ የለም፤ የደወለ የለም። ወር ሊሆነው ሲል ላክሁት፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ እንኳ አልመጣም። በስፌቱ ምክንያት ካለፈብኝ ነገር ሁሉ እንደዚህ ያቃጠለኝ የለም። ያን ሁሉ መስከረም ያስቀረኝ ማንም የማይጠብቀው ወረቀት ነበር፤ እኔም የሚጠበቅ መስሎኝ በሱ ስም ራሴን ጠፍሬ ኖሬአለሁ።

በችኮላ ደግሞ ተሳሳትሁ። አዲሱን ስጀምር ከፊቴ የእናቴ ጅምር የለም፤ እጄ ዝም ብሎ ከድሮ በለመደው በቀኝ ጀመረው። ያስተዋልሁት ኮከቡ ወጥቶ፣ ከሱ ወዲያ ብዙ ዙር ከሄድሁ በኋላ ነው። መሶቡ እንደ ማንኛውም ሰው መሶብ ነበር የሚዞረው። ልፈታው አሰብሁ፤ ጊዜው አይበቃም፤ የተፈታ አክርማም ሁለተኛ አይሠራም። ዓይኗ ደክሟል፣ ቀለሙ ያው ነው፣ አታውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እያመሸሁም ቀጠልሁ፤ ክዳኑንም ጨርሼ ለኅዳር አደረስሁት።

በደብረ ወርቅ በኩል በሚሄደው አውቶቡስ መሶቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ሞጣ ገባሁ። ረፋድ ነበር፤ እናቴ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ከመንካቷ በፊት እጇን ታጥባ አደረቀች። ክዳኑን አነሣች፤ ጠርዙን ዳበሰች፤ «ጠብቋል፣ ጎበዝ» አለች። ከዚያ የግራ እጇን ጣት ኮከቡ መካከል አስቀመጠችና ስፌቱን እየተከተለች አስኬደችው። ትንሽ ሄዳ ቆመች። ከመካከሉ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቆመች።

«ይኸ በቀኝ የተጀመረ ነው» አለች።

ክዳኑን ተቀበልኋት።

«የኔን ፈታሽው?»

እውነቱን ብነግራት ቀጥላ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ «ሲሰጡት አንችስ ምን አልሽ?» ነው የምትለኝ። ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ «አጨበጨብሁ»፤ እሱን ለእናቴ መናገር አልቻልሁም። ተሰረቀ፣ አይጥ በላው ማለት ይቻል ነበር፤ ያኔ አልታየኝም። የታየኝ ራሷ የከፈተችልኝ በር ነው፤ በሱ ገባሁ።

«አዎ» አልኋት።

«ለምን?»

«ትንሽ ተንጋዶ ነበር፣ እማ።»

እጇን ከመሶቡ ላይ አነሣች። አልተቆጣችም። የታጠፉትን ጣቶቿን ትንሽ አየቻቸውና ነጠላዋ ውስጥ አስገባቻቸው። «ያን ጊዜ ብትነግሪኝ እኔው ፈትቸ እሰጥሽ ነበር» አለች። «ሥራ እያለብሽ አደከምሁሽ።»

ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። ሆኖም ቃሌን አላነሣሁም፤ አብሬአት ምሳ በላሁ፤ ሰንበቴው እስኪያልፍም እዚያው ሰነበትሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ መሶቡን ከበው አገላበጡት። በስፌት የምታውቃት አንዲት ጓደኛዋ «አንች፣ እጅሽ ዛሬም አልደከመ» አለቻት።

«አይ፣ የልጄ ሥራ ነው» አለች እናቴ፤ «የኔ እጅ የለበትም።»